ክንፍ ያወጣው ትል ያው ትል ነውን?

ከቢራቢሮ ሕይወት ስለ ንስሐ የሚገኝ ትምህርት

ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ይኸውም ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ ባሉት ዐርባ ቀናት፣ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ከተወደደ ልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ በማኅሌት እያሰበች ታመሰግናለች። ምድርም በዚህ ወራት በበኩሏ አበባዋን ትገልጣለች፤ አበባም ባለበት ቢራቢሮ አይታጣም። ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ ወርዶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሄድ መንገደኛ፣ የደጋው ብርድ ቀርቶ የቆላው ወበቅ ሲቀበለው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በሰሊጡና በማሽላው እርሻ ዳር እነዚህ በራሪዎች ሲመላለሱ ያያል። አይቶም «ያምራሉ» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ዛሬ ማለፉን ትተን ጥቂት እንቁም፤ ይህ ትንሽ ፍጥረት አንድ ከባድ ጥያቄ ለመመርመር ይረዳናልና።

ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰው ከክፋት ወደ በጎነት በእውነት ሲለወጥ፣ የተለወጠው ሰው ያው የፊተኛው ሰው ነው ወይስ ሌላ? ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ቢኖር፣ በድንበር አገር የሚኖሩትን ካህናትና ሽማግሌዎች ይጠይቅ። አንድ ሰው በወጣትነቱ በቍጣ ተነሣሥቶ የሰው ደም አፈሰሰ እንበል። ከደም መላሽ ሸሽቶ ከመተማ ወደ ገላባት ተሻገረ፤ ስሙን ለወጠ፤ በባዕድ አገር የቀን ሥራ እየሠራ ብዙ ዓመት ኖረ። በኋላ ኅሊናው ዕረፍት ነሣው፤ ተጸጸተ፤ ለንስሐ አባት ተናዝዞ ቀኖናውን ተቀበለ፤ ወደ አገሩም ተመለሰ። ያን ጊዜ የሟች ወገኖች «ያው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ምን ተለወጠ?» ይላሉ። እርሱም በበኩሉ «ያ የምታውቁት ሰው ሞቷል፤ እኔ ዛሬ ሌላ ነኝና ስለ ትናንቱ አትጠይቁኝ» ይላል። ከሁለቱ ወገን እውነቱን የያዘው ማነው? በዚህ መልስ የአንድ ነፍስ መዳንና የሁለት ቤተ ሰብ ሰላም ይወሰንበታል።

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ምሳሌያችን ወደሚሆነው ፍጥረት እንመለስ። በዚህ ቆላ ከሚታዩት ቢራቢሮዎች አንዱ፣ የፍጥረት ተመራማሪዎች ዳናውስ ክሪሲጶስ የሚሉት ነው። ይህን ስያሜ ለዓለም ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1758 ዓ.ም. ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ሰባት ወይም ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መልኩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ ሆኖ ዳር ዳሩ ጥቍር ነው፤ በፊተኛው ክንፍ ጫፍም ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት። በአፍሪካና በእስያ ሞቃት አገሮች ሁሉ ይገኛል። የጥንት ግብፃውያንም ያውቁት ነበርና፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በተሠሩ የመቃብር ሥዕሎቻቸው ላይ ከዓባይ ዳር ሸምበቆና ወፎች ጋር ሥለውታል።

ይህ ቢራቢሮ ከየአበባው ይቀስማል እንጂ በየቅጠሉ አይወልድም። ልጆቹን የሚያሳድግበት ተክል የተለየ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ፣ በመንገድ ዳር፣ በጦም አደር መሬት፣ በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ፣ ሰፋፊና ወፋፍራም ቅጠል ያለው፣ ሲቈረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ቍጥቋጦ ይበቅላል። የእኛ ሰዎች ጦቢያው ይሉታል፤ በሱዳን በኩል ያሉት ዑሸር ይሉታል። በበጋው ሐሩር ሌላው ሣር ሁሉ ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቈያል። ወተቱ ግን መርዝ ነው፤ ዐይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ከብትም ቢራብ እንኳ በቀላሉ አይደፍረውም። እንስቷ ቢራቢሮ እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሸሸውን ተክልና የእርሱን ዘመዶች ፈልጋ፣ በቅጠሉ ላይ እንቁላሏን አንድ በአንድ ለያይታ ትጥላለች።

በሞቃት አየር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ የሚወጣውም ትል ነው። አስቀድሞ የራሱን የእንቁላል ቅርፊት ይበላል፤ ከዚያ ወደ ቅጠሉ ይዞራል። እንደ አባ ጨጓሬ ጠጕር የለበትም፤ ሰውነቱ በጥቍር፣ በነጭና በቢጫ ቀለበት የተዥጐረጐረ ነው፤ በጀርባውም እንደ ቀንድ ያሉ ሦስት ጥንድ ለስላሳ ጥቍር ዘንጎች አሉት። ሥራው መብላት ብቻ ነው። ቆዳው ሲጠበው አራት ጊዜ ይገፈዋል። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከኖረ በኋላ መብላቱን ይተዋል፤ ተስማሚ ስፍራ መርጦ ጥቂት ድር ይሠራል፤ በእርሱም ላይ የኋላውን ጫፍ አጣብቆ ቍልቍል ይንጠለጠላል። በመጨረሻ ቆዳውን ሲገፍ ትል መሆኑ አይታወቅም፤ የትምህርት መጻሕፍት ሙሽሬ የሚሉት፣ እግርም አፍም የማይታይበት፣ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ፍሬ የመሰለ ነገር ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ዐሥር ቀን ያህል ተንጠልጥሎ ይቈይና፣ ሽፋኑ ተቀድዶ ቢራቢሮ ይወጣል።

ብዙ መምህራን ይህን በሚያዩበት ጊዜ የሙታንን ትንሣኤ ያስባሉ። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት፣ የሐርን ትል መለወጥ ጠቅሶ፣ ይህን የሚያይ ሰው የትንሣኤን ነገር ማመን እንዳይከብደው መክሯል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ምሳሌ ሁሉ ልክ አለው። ሙሽሬው የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም፤ በእውነት ቢሞት ኖሮ ከእርሱ ቢራቢሮ አይወጣም ነበር። የሙታን ትንሣኤ ግን የሞተውና የፈረሰው በእግዚአብሔር ኃይል የሚነሣበት ነው፤ ከፍጥረት ልማድ በላይ ነው። እንግዲህ የቢራቢሮው ነገር ትንሣኤን ለማሰብ ያግዛል እንጂ ማስረጃው ሊሆን አይችልም፤ የትንሣኤያችን ማስረጃ ክርስቶስ ነው። ይልቁንም በሕይወት ሳለ የሚለወጠው ይህ ትል አብልጦ የሚመስለው፣ በሕይወት ሳለ በንስሐ የሚለወጠውን ሰው ነው። ስለዚህ በሙሽሬው ውስጥ የሚሆነውን ከዚህ አንጻር እንመልከት።

በሽፋኑ ውስጥ ከትሉ አካል ብዙው ክፍል ይፈርሳል፤ ይሟሟልም። ቅጠል ያኝክ የነበረው መንጋጋ ይጠፋል፤ በቦታውም የአበባ ማር የሚመጥ ረጅም ምላስ ይተካል። ነገር ግን ሁሉም አይፈርስም። የክንፉ መነሻ የሆኑ ጥቃቅን ቡቃያዎች ቀድሞውኑ በትሉ ውስጥ ነበሩ። ትሉ በደረቱ እየተሳበ ቅጠል ሲበላ፣ ማንም ሳያያቸው፣ እርሱም ሳይጠቀምባቸው በውስጡ ይኖሩ ነበር። በሙሽሬው ጊዜ የፈረሰው አካል ለእነርሱ ምግብ ይሆንላቸዋል፤ እነርሱም አድገው ክንፍ ይሆናሉ። ክንፍ ከውጭ አልተሰፋለትም ማለት ነው። በጥምቀት የተቀበልነውን የልጅነት ጸጋ በዚህ እናስብ፤ ሰው በኃጢአት እየተሳበ ሳለ ጸጋው ሥራውን ባይሠራበትም፣ ንስሐ በገባ ጊዜ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ ያው የተሰጠው ጸጋ ይሠራበታል እንጂ።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሌላ ዓይነት ትል፣ ይኸውም የትንባሆ ቅጠል በሚበላውና በኋላ የእሳት እራት በሚሆነው ላይ ያደረጉትን ፈተና አስታወቁ። ትሎቹን አንድ ሽታ እያሸተቱ በጥቂት የኤሌክትሪክ ንዝረት ነኳቸው፤ ትሎቹም ያን ሽታ መሸሽ ተማሩ። ከተለወጡና ክንፍ ካወጡ በኋላ በተፈተኑ ጊዜ፣ በትልነታቸው መጨረሻ ደረጃ የተማሩት ያን ሽታ መሸሻቸውን አልተዉም፤ በትልነታቸው ገና ለጋ ሳሉ የተማሩት ግን ረስተውት ተገኙ። አካል እስኪሟሟ ድረስ በተደረገው በዚያ ለውጥ ውስጥ ትውስታ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ጥያቄውን እንጠይቅ፤ ቢራቢሮው ያው ትል ነውን? በመልኩ ነው ብንል፣ መልኩ ፈጽሞ ተለውጧል። በሥጋው ነው ብንል፣ ሥጋው በአብዛኛው ፈርሶ እንደ ገና ተሠርቷል። በትውስታው ነው ብንል፣ አንዳንዱ ያስታውሳል፤ አንዳንዱም ረስቷል፤ የረሳው ግን ሌላ ፍጥረት ሆኗል የሚል ማንም የለም። ታዲያ ያው የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከእንቁላሉ እስከ ክንፉ ድረስ ሳይቋረጥ የዘለቀው አንድ ሕይወት ነው። የእንቁላሉ፣ የትሉ፣ የሙሽሬውና የቢራቢሮው ሕይወት አራት ሳይሆን አንድ ነው።

ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከዚህም ይበልጣል። ነባቢት ነፍሱ አንዲት ናት፤ በሕፃንነቱ፣ በወጣትነቱ፣ በኃጢአቱና በንስሐው ጊዜ ሌላ ነፍስ አልተተካችለትም። ስለዚህ «ያ ሰው ሞቷል፤ እኔ ሌላ ነኝ» ማለቱ የአነጋገር ዘይቤ ከሆነ ይገባል፤ ዕዳን ለመካድ ከሆነ ግን ሐሰት ነው። መርሳትም ዕዳን አይሰርዝም። የረሳው ትል ያው ትል እንደ ነበረ፣ በደሉን የረሳም ሰው የበደለው እርሱ ነው። ድንበር መሻገርና ስም መለወጥማ ይልቁን ምንም አይደለም፤ ትል ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ቢሻገር ትልነቱ አይቀርለትም።

ደግሞም «ያው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ምን ተለወጠ?» የሚሉትም ተሳስተዋል። አንድ ሕይወት መሆኑ ለውጡን ሐሰት አያደርገውም። ቢራቢሮውን ይዞ «ትል ነህና ቅጠል ብላ» የሚል ሰው ቢገኝ ሞኝ ይባላል፤ የሚያኝክበት መንጋጋ የለውምና። በሰሊጡ ቅጠል ላይ ድር እየሠራ የሚያጠፋውን ትል የሚያውቅ ገበሬ ትል ሁሉ ቢያስጠላው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በአበባው ላይ የሚያርፈውን ባለ ክንፍ ስለ ትልነቱ ዘመን ቢቀጠቅጠው ምን ይጠቅመዋል? ሰውንም በእውነት ከተለወጠ በኋላ በቀድሞ ስሙ ብቻ መጥራት፣ የእግዚአብሔርን ሥራ እንዳላዩ መሆን ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሁለቱን እውነቶች አጣምረው ያስተምሩናል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ አዲስ ሰው ሆነ፤ ነገር ግን አዲስ በመሆኑ የቀማውን አልካደም፤ አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ እንጂ። ሐናንያ ሳውልን ፈርቶት ነበር፤ የሠራውንም ክፋት ያውቅ ነበር፤ በተላከ ጊዜ ግን እጁን ጭኖ ወንድሜ ብሎ ጠራው። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ ከጌታው ኮብልሎ የነበረው ሰው አሁን የተወደደ ወንድም መሆኑን አስታወቀ፤ ዕዳው ግን የለም አላለም፤ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ይቈጠር አለ እንጂ። እንግዲህ ወንድምነቱ ዕዳውን አልሻረውም፤ ዕዳውም ወንድምነቱን አልሻረውም።

ከአባቶችም በሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም አለ። አስቀድሞ ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ ነበረ፤ በኋላ በገዳመ አስቄጥስ መንኵሶ የብዙዎች አባት ሆነ። አንድ ወንድም በድሎ አባቶች ሊፈርዱበት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ሙሴ የተቀደደ ዕቃ አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋውም ከኋላው ይፈስስ ነበር። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ያን ወንድም ማሩት። በመጨረሻም አረማውያን ገዳሙን ሊወርሩ በመጡ ጊዜ፣ ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ እንዲጠፋ ጌታ የተናገረውን አስቦ ሳይሸሽ ቈየ፤ በዚያም በሰማዕትነት ዐረፈ። ቅዱስ ሆኖ ሳለ ሽፍታ መሆኑን አልረሳም፤ ያስታውሰው የነበረውም ተስፋ ለመቍረጥ አልነበረም፤ በሌላው ላይ ላለመፍረድና በትሕትና ለመኖር ነበር እንጂ።

ይህን ስናስብ የጦቢያውን ወተት እናስታውስ። ትሉ የበላው መርዝ በሰውነቱ ይቀመጣል፤ መጠኑ እንደ በላው ተክል ቢለያይም፣ ክንፍ ካወጣ በኋላም አይለየውም። ወፍ አንድ ጊዜ ከቀመሰው በመራራነቱ ትተፋዋለች፤ ሁለተኛም አትነካውም። በትልነቱ የበላው ምሬት በቢራቢሮነቱ ጠባቂ ሆነለት። ይህን ያልንበት ምክንያት ኃጢአት ይጠቅማል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው አሳብ ከእኛ ይራቅ። ነገር ግን የተናዘዙት ኃጢአት መታሰቢያ በትሑት ልብ ሲጠበቅ፣ ሰይጣን ዳግመኛ ሊነጥቅ በመጣ ጊዜ መራራ ሆኖ ይመልሰዋል። ይህን መታሰቢያ ከልቡ ፍቆ ለመጣል የሚቸኩል ሰው ጠባቂውን ያሰናብታል።

ካህናትና ሽማግሌዎች ግን አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባቸዋል። በዚያው ቆላ ሂፖሊምናስ ሚሲጶስ የሚባል ሌላ ቢራቢሮ አለ፤ የእርሱ እንስት መርዝ ሳይኖራት የዳናውስን መልክ ለብሳ ትበርራለች፤ በመልኳ ወፎችን አታልላ ትድናለች። የንስሐ መልክ ለብሶ የንስሐ ምሬት የሌለው ሰውም እንዲሁ አለ። ነጠላ አጣፍቶ፣ አንገት ደፍቶ፣ እንባ አፍስሶ ይቀርባል፤ ካሣውን ሲጠይቁት ግን ቍጣው ይገነፍላል። በመልክ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ በሥራ ግን ይለያሉ። እውነተኛው ተነሳሒ፣ አባቶች እንዳስተማሩን፣ ከልብ ይጸጸታል፤ ሳይሸሽግ ይናዘዛል፤ ቀኖናውን ይፈጽማል፤ የቀማውን ይመልሳል፤ ለበደላቸው ይክሳል።

እንዲሁም ለሚቀበሉት ወገኖች የሚነገር አንድ ነገር ቀርቷል። ቢራቢሮው ከሙሽሬው እንደ ወጣ ወዲያው አይበርርም። ክንፉ ርጥብና የተጨማደደ ነው፤ ባዶውን ሽፋን ወይም ቅርንጫፉን ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከሰውነቱም ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች እየገፋ ቀስ በቀስ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ ያደርቀዋል። የሚንጠለጠልበት ስፍራ ካጣ ወይም ቢወድቅ፣ ክንፉ እንደ ተጨማደደ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ መብረር አይችልም። ከንስሐ አዲስ የወጣ ሰውም የሚይዘው ቅርንጫፍ ያስፈልገዋል። ይህም ቅርንጫፍ የንስሐ አባቱ ምክር፣ የደብሩ ጉባኤ፣ የሰንበቴው ማኅበር፣ የጎረቤቱ ሰላምታ ነው። እነዚህን ሁሉ ከነሣነው በኋላ «ድሮም አልተለወጠም» ብንል፣ ያልበረረው በእኛ ምክንያት መሆኑን እግዚአብሔር ይጠይቀናል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ከገላባት የተመለሰው ሰው ያው የፊተኛው ሰው ነውና፣ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «የገደልሁ እኔ ነኝ» ይበል፤ ሕግ የሚፈርድበትንም ይቀበል፤ ካሣውንም ይክፈል። ደግሞም የተለወጠ ሰው ነውና፣ የሟች ወገኖች ደሙ እንዲደርቅ ይፍቀዱ፤ በቀልንም ለእግዚአብሔር ይተዉ። ለእነርሱ ይህ ቀላል አይደለም፤ የሞተባቸው ሰው አልተመለሰላቸውምና። ስለዚህ ካህናት የገዳዩን ንስሐ ሲቀበሉ የሟቹን እናት እንባ እንዳይረሱ ያስፈልጋል። የማይክስ ተነሳሒና የማይምር ተበዳይ ሁለቱም ሰላምን ያዘገያሉ።

በመጨረሻም በምሳሌያችንና በእኛ መካከል ያለውን ልዩነት እንወቅ። ትሉ የሚለወጠው በተፈጥሮው ሕግ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እንቢ ማለት አይችልም። ሰው ግን ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታል። የጸጋው ቡቃያ በውስጡ ሳለ እስከ ሞት ድረስ በደረቱ እየተሳበ መኖር ይችላል። ስለዚህ በዘመነ ጽጌ በሜዳው ላይ ቢራቢሮ ስናይ፣ ውበቱን አድንቀን ብቻ አንለፍ፤ ገና መጥተን ያልከፈልነው ዕዳ፣ ገና ይቅር ያላልነው ወንድም እንዳለ ኅሊናችንን እንጠይቅ።

የኃጢአተኛውን መመለስ እንጂ ሞቱን የማይወድ አምላክ፣ የበደልን እንድንክስ ትሕትናውን፣ የተበደልን እንድንምር ትዕግሥቱን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።